የጥንቱ ሰፋሪና የዛሬው እረኛ

ለመንግሥት ሥራ ወደ ባሌ ለመጓዝ ከሐዋሳ መናኸሪያ ማልደን በደረስን ዕለት፥ አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ከአንድ የባሌ ሽማግሌ ጋር ጨዋታ ጀመርን። መንገዳችንን ቢጠይቁን፥ የጥንት ሰዎች የኖሩበትን የፊንጫ ሐበራን ዋሻ ጭምር ለማየት ማሰባችንን ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጆቼ፥ የሞቱት የኖሩበት ተራራ ይጠበቃል፤ የምንኖረው እኛስ ከብታችንን ወዴት እንንዳ?» አሉን።

ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ በ3,469 ሜትር ከፍታ፥ ጅብራና አስታ በሚበቅልበት የባሌ ውርጭ አገር ይገኛል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ሰፍረውበታል። ከበረዶ ግግር የሚቀልጠውን ውሃ እየጠጡ፥ ከበላዩ ካለው ከፍታ ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ፥ ግዙፉንም ፍልፈል እያደኑ በምድጃቸው ይጠብሱ ነበር። ስማቸውንም ሆነ ቋንቋቸውን አናውቅም፤ የደረሰን አመዳቸውና የጋጡት አጥንት ነው። ይህም ሆኖ እናከብራቸዋለን።

ያ ፍልፈል ዛሬ ከባሌ በቀር በዓለም አይገኝም፤ ለቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ ነው። ተራሮቹ በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። እንግዲህ ያ ጥንታዊ አዳኝ ዛሬ ተነሥቶ ፍልፈሉን ሊጠብስ እሳት ቢያነድ፥ የፓርኩ ጠባቂ ይዞ በከሰሰው ነበር! አባቱን ስለ ኖረበት እያከበርን፥ ልጁን ስለሚኖርበት የምንወቅሰው በምን ፍርድ ነው?

ጥበቃው ይቅር ማለታችን ግን አይደለም። የዛሬው ሰውና ከብት በዝቷል፤ ሣሩ ካለቀ ፍልፈሉም ቀበሮውም ያልቃል፤ አንድ ጊዜ የተበተነ የጥንት አመድም ተመልሶ አይለቀምም። ቅር የሚያሰኘን ሌላ ነገር ነው። ክብሩን የአገር ሰው ሁሉ ሲካፈለው፥ ዋጋውን የሚከፍለው እንደ ወራቱ ከብቱን ከቆላ ወደ ደጋ በሚያወጣበት በጎዳንቱ ልማድ የኖረው እረኛ ብቻ ነው። እኛ የቢሮ ሰዎች በወረቀት ላይ ወሰን ስናሰምር፥ የተዘጋበትን ግጦሽ በምን እንደምንተካለት አስቀድመን ልንጠይቀው ይገባን ነበር።

ለሽማግሌው ግን ያን ዕለት ይህን ያህል እንኳ አልመለስንላቸውም፤ አውቶቡሱ ሞልቶ ተነሣ። ዲንሾ ሲደርሱ ለከብቶቻቸው የገዙትን ጨው አውርደን ሰጠናቸው፤ መርቀውን ወደ ተራራው አቀኑ።