ድንጋዩን መመለስ

ዩኒየን በካሪቢያን ባሕር ውስጥ፣ የሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ አካል የሆነች፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። በምዕራብ ዳርቻዋ፣ ከቻተም ቤይ በላይ ባለው ደረቅ ደን ውስጥ፣ ሌላ የትም የማትገኝ ጌኮ አለች፤ ከእንሽላሊት ወገን ናት፣ ርዝመቷ ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ። ሳይንስ የተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

እሷን መቁጠር ባብዛኛው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣት፣ የበሰበሰ ግንድ ማገላበጥ ነው። ከሥር የተኛችው ጌኮ አፈር የመሰለች ቡናማ ናት። ብርሃን ሲያገኛት ግን ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ክብ ነጠብጣቧ ይፈካል። ይኸው ውበቷ ጠላት አፈራባት። ከታወቀች በኋላ ለቤት እንስሳ ገበያ የሚለቅሟት መጡ። እነሱም ድንጋይ ያነሣሉ። የሌባውና የቆጣሪው እጅ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌባው ይዞ ይሄዳል፣ ድንጋዩም እንደተገለበጠ ይቀራል። ቆጣሪው በነበረበት ጎድጓዳ፣ በነበረበት ገጹ ይመልሰዋል። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ነው። በደረቅ ደን ውስጥ ከድንጋይ ሥር ያለች ያቺ ጥቂት እርጥበት ቤት ናት፤ ፀሐይ ከመታት ቤቱ ፈረሰ።

አልታየችም ማለት ደግሞ የለችም ማለት አይደለም። ስለዚህ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ መፈተሽ ግድ ይላል። ትናንት ታይታ ዛሬ ከታጣች፣ ምን ያህሉ ከዓይን እንደሚያመልጥ ከዚያ ይሰላል፤ ሰው የገዛ ዓይኑንም አብሮ ይለካል። በ2018 አሥር ሺህ ገደማ የተገመቱት ጌኮዎች በ2022 ወደ 18,000 ደርሰዋል ተባለ። በመካከሉ፣ በ2019፣ ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዷን ከልክሏል። ብዙውን የሠሩት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ደኑን እየዞሩ የሚጠብቁት የደሴቲቱ ልጆች ናቸው።

ጁላይ 1 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ዩኒየንን መታ። አብዛኛው ቤት ፈረሰ ወይም ክፉኛ ተጎዳ። የ2022ቱ ቁጥር እንግዲህ የዚያን ጊዜው ደን ቁጥር ነው፤ ጫካው እንደገና መቆጠር አለበት። ድንጋዩን የሚያውቁት ግን ነፋስ ጣራቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ናቸው። ቆርቆሮ የሚጠብቅን አባወራ «ና፣ ጌኮ እንቁጠር» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። የደፈረ ሰው ቆርቆሮውንም ይዞ ይምጣ።