ደብዳቤውን ማን ያነብልናል?



በጊቫት ሃሞሬ ቤት ለቤት ስንዞር አንድ ዓይነት ክርክር ደጋግመን እንሰማለን። የሚከተለው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሳይሆን ከብዙ ቤት የሰማነው ነው።

በልጅነቷ ከጎንደር የመጣች ልጅ የሠራዊት አገልግሎቷን ፈጽማ፣ ዩኒቨርሲቲም ጨርሳ፣ «ለአንድ ዓመት ኔፓል ሄጄ የገጠር ልጆች ላስተምር» ትላለች። አባት ይደነግጣሉ። «ኢየሩሳሌም ለመግባት ስንት ዓመት ጠበቅን! አሁን ደግሞ ባዕድ ልታስተምሪ ወዴት ትሄጃለሽ?» ይላሉ። እናት ዝም ብለው ይቆዩና፣ «ደብዳቤውን ማን ያነብልናል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ለመሆኑ ቤቱ የተደገፈባት ልጅ ሌላውን ለማገልገል ርቃ መሄድ ይገባታልን?

በመጀመሪያ የአባትን ጥያቄ እንመልከት። ልጅን ሩቅ መላክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 27 ወጣቶች ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ የተላኩት መምህራን ሆነው ወደየመንደራቸው እንዲመለሱ ነበር፤ ተመልሰው ያስተማሩም አሉ። በዚያ ዘመን የገጠር ወላጅ ልጁን ከሸኘ በኋላ ድምፁን በስልክ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም።

«እነዚያ የተማሩት ለወገናቸው ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በንጉሡ ዘመን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሕንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮም የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው አስተምረዋል። ወገኖቻችን አልነበሩም፤ ያስተማሩት ግን የእኛን አገር ልጅ ነው። ይህች ልጅም ቋንቋው በማይገባት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ታውቃለች። በእንግድነቷ አክብራ፣ ከማስተማሯ በፊት የሰዎቹን ወግ ተምራ ከሠራች፣ የተቀበልነውን መለሰች እንጂ ወገኗን አልካደችም።

የእናት ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። የቢቱዋህ ለኡሚ ደብዳቤ፣ የቁፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የባንክ ወረቀት፣ የታናሽ ወንድሟ የወላጆች ስብሰባ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ገና በ12 ዓመታቸው ሐኪም ፊት ተቀምጠው የእናታቸውን ሕመም ከእናታቸው ቀድመው ሰምተዋል። ያን ቀን ልጅ እናት፣ እናት ልጅ ሆነች። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ቢሆንም ለልጅ የማይገባ ሸክም ነው።

ልጅቷን ማስቀረት ሸክሙን አያቀልም። ዝም ብላ ብትሄድም ሸክሙ በታናሽ ወንድሟ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የእኛ መልስ፣ ትሂድ፣ ግን ሸክሙ ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ይወሰን የሚል ነው። ወረቀቶቹን በየዓይነቱ ለይታ በዶሴ ታስቀምጥ፤ የምትመለስበትንም ጊዜ ለወላጆቿ ቁርጡን ትንገራቸው። ወላጆችም ዕድሜያችን አልፏል ሳይሉ ዕብራይስጥ ይማሩ። በጤና ጣቢያም አማርኛ የሚያውቅ ተርጓሚ ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የጤና ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ አገልግሎቱ በቋንቋ ተደራሽ እንዲሆን ያዛልና፣ መጠየቅ ልመና አይደለም።

የቀረውን ጎረቤትና ማኅበር ይሸከመዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይሉ የለ አበው? እኛም በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ልጆቻችሁ፣ ትናንት የወላጆቻችንን ደብዳቤ ስናነብ ያደግን ነንና፣ ሎሚው ስንት እንደሚመዝን እናውቃለን። ደብዳቤ የከበደው ቤት ልጁን ከትምህርት ገበታው ከማስቀረቱ በፊት ይጥራን።

ልጅቷ ስትመለስ እናቷ ቢያንስ የራሳቸውን ቀጠሮ በራሳቸው ዓይን አንብበው ቢጠብቋት፣ በዚያ ዓመት የተማሩት የኔፓል ልጆች ብቻ አይሆኑም።