የግዴታ ውትድርና ተመልሶ ሊመጣ ይገባልን?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ የተዘጋ መስሎ የነበረ አንድ ጥያቄ እንደገና ተከፍቷል። ይኸውም ወጣቶችን በሕግ አስገድዶ ወታደር የማድረግ ጥያቄ ነው። ሊቱዌንያ አቋርጣው የነበረውን የግዴታ ውትድርና እ.ኤ.አ. በ2015፥ ስዊድን በ2017፥ ላትቪያ ደግሞ በ2024 መልሰው በሥራ ላይ አዋሉ። የክሮኤሺያ ምክር ቤት በ2025 የሁለት ወር የግዴታ ሥልጠና እንዲመለስ ወሰነ። ጀርመንም በ2011 ያቆመችውን ግዴታ ሙሉ በሙሉ ባትመልስም፥ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ 18 ዓመት የሚሞላቸው ወንዶች ስለ ብቃታቸውና ስለ ፈቃደኛነታቸው መጠይቅ እንዲሞሉ በሕግ አዝዛለች። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ የዩክሬን ጦርነት ለጎረቤቶቹ ሁሉ እንቅልፍ ነሥቷል።

ጥያቄው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ዛሬ በሀገራችን የግዴታ ውትድርና ዐዋጅ ባይኖርም፥ ነገሩን በመጽሐፍ ሳይሆን በየቤታችን የተማርነው ነው። ስለዚህ ይመለስ ወይም አይመለስ ብለን ከመፍረዳችን በፊት አንድ መሠረታዊ ነገር እንመርምር፦ መንግሥት የሰውን ልጅ ያለ ፈቃዱ ለጦር የመጥራት መብት አለውን? ካለውስ ወሰኑ የት ላይ ነው?

በቅድሚያ የግዴታ ውትድርና ደጋፊዎች የሚያቀርቡትን ክርክር በቅንነት መስማት ይገባል። ሠራዊት በፈቃደኞች ብቻ ሲሞላ፥ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ሌላ እንጀራ ባጡ ወጣቶች ነው። ባለጸጋው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ይልካል፤ የድኻው ልጅ ወደ ግንባር ይሄዳል። ታዲያ ይህ ፈቃድ ነው ወይስ ረኀብ ያስፈረመው ውል? ሸክሙ በሁሉም ላይ ቢወድቅ ግን ጦርነት የሚያውጁ ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን ፊት እያዩ ስለሚወስኑ ይጠነቀቃሉ ይባላል። እንደዚሁም ቋንቋቸውና ትውልዳቸው የተለያየ ወጣቶች በአንድ ድንኳን አድረው ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ፥ አንዱ ሌላውን ወንድሜ ማለትን ይማራል። በዘር እየተቧደነ በሚቆሳሰል ሕዝብ ፊት ይህ በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም።

ይሁን እንጂ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅም በወረቀት ላይ ይህንኑ እኩልነት የያዘ ነበር። ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ዜጎች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ፥ ከዚያም እስከ 50 ዓመታቸው በተጠባባቂነት እንዲመዘገቡ ይደነግግ ነበር። በተግባር ግን ኮታ ለየገበሬ ማኅበሩና ለየቀበሌው ተደለደለ። ኮታውን መሙላት የተሳነው ሹም በገበያና በመንገድ ያገኘውን ወጣት መያዝ ጀመረ። ለእህል የሚነገረው “ማፈስ” የሚለው ቃል ለሰው ልጅም ዋለ፤ ድርጊቱም “አፈሳ” ተባለ። ገንዘብና ዘመድ ያለው ልጁን አስቀረ፤ የሌለው ልጁን በጎተራና በጫካ ደበቀ፤ መደበቅ ያልቻለው ሰጠ።

ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ በሚኖርበት ቁምስና አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ገበያ እንደ ወጣ ተወሰደ፤ ደብዳቤም አልመጣ። እኚህ እናት በየወሩ የቅዳሴ ሐሳብ ለማስያዝ ወደ ቆሞሱ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ቆሞሱ፥ “እማማ፥ ለሕያው ነው ወይስ ለሙት?” ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም፥ “አባ፥ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እርስዎ ስሙን ብቻ ይጥሩልኝ” አሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎች በእግራቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የእኚህ እናት ልጅ ግን አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም።

እንግዲህ መንግሥት ፈጽሞ ሊጠራ አይገባውም ማለት ነውን? አይደለም። በ1888 ዓ.ም. የወራሪ ጦር ሲገፋ የታወጀው ክተትም እንቢ የሚለውን የሚያስፈራራ ግዴታ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ የተጠራበትን ምክንያት በዓይኑ ያይ ነበር፤ ዘመቻው ሲፈጸምም ገበሬው ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2310 የመንግሥት ባለ ሥልጣናት ለሀገር መከላከያ የሚያስፈልገውን ግዴታ በዜጎች ላይ የመጣል መብትና ኀላፊነት እንዳላቸው ያስተምራል። ቀጥሎ ባለው ቁጥር ግን ስለ ኅሊናቸው መሣሪያ ማንሣት ለማይችሉ ሰዎች ፍትሓዊ መንገድ እንዲዘጋጅላቸው፥ እነርሱም ማኅበረ ሰቡን በሌላ ሥራ እንዲያገለግሉ ያሳስባል። ሁለቱ ቁጥሮች ተለያይተው ሊነበቡ አይገባም።

ይህ ትምህርት በደም የተገዛ ነው። ፍራንዝ ዬገርሽቴተር የተባለ ኦስትሪያዊ ገበሬ፥ የሚስቱና የሦስት ሴቶች ልጆቹ ነገር እያሳዘነው፥ ለሂትለር ጦር መሣሪያ አላነሣም ብሎ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1943 አንገቱን ተቀላ። በሕክምና ረዳትነት ለማገልገል ፈቃደኛ ቢሆንም የሰማው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን በ2007 ብፁዕ ብላ ሰየመችው። ከጦርነቱ በኋላ ኦስትሪያ የግዴታ ውትድርናን መልሳ ብታቋቁምም፥ ኅሊናቸው ለሚከለክላቸው ወጣቶች በ1970ዎቹ ሲቪል አገልግሎትን በሕግ አቋቋመች። በ2013 ሕዝቡ ግዴታው ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብሎ በድምፅ ሲጠየቅ፥ 60 በመቶ ያህሉ ይቀጥል አለ። ከምክንያቶቹም አንዱ በአምቡላንስና በአረጋውያን መጦሪያ የሚያገለግሉት እነዚያ ወጣቶች እንዳይቀሩበት ነበር። ገበሬው የተነፈገው በር ለሕመምተኛውና ለሽማግሌው ሁሉ በረከት ሆነ።

በአንጻሩ በጎረቤታችን በኤርትራ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዐዋጅ የአገልግሎቱን ዘመን 18 ወር ብሎ ወስኖ ነበር። ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው ጦርነት በኋላ ግን ወሰኑ ጠፋ፤ ብዙዎች ጉልምስናቸውን በዚያው ጨረሱ፥ ብዙዎችም በበረሃና በባሕር ተሰደዱ። የሀገሪቱ ካቶሊካውያን ጳጳሳት በ2014 ወንድምህ ወዴት ነው የሚለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄ ርእስ አድርገው መልእክት የጻፉት የወጣቱ ስደት ልባቸውን ቢያደማው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው፥ የግዴታ ጥሪ ፍትሓዊ ሕግ እንዲባል ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ነው። አንደኛ፥ የሹሙንም የገበሬውንም ልጅ በእኩል ይጥራ። ሁለተኛ፥ መጨረሻው በሕግ የታወቀ ይሁን፤ አንድ ልጅ የሚመለስበትን ቀን ሊናገር የማይችል መንግሥት የሚሄድበትን ቀን ሊወስን አይገባውም። ሦስተኛ፥ ኅሊናው ለሚከለክለው የተከፈተ በር ይኑር። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ስለ ኅሊናቸው ወታደር በማይሆኑ ሰዎች ፈንታ ስለሚሰጥ አገልግሎት ማንሣቱ መልካም መነሻ ነው። ሆኖም አንቀጽ በር የሚሆነው፥ ያንኳኳ ሁሉ ሳይፈራ ሲገባበት ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት እነዚህ ሦስቱ ባልተሟሉበት የግዴታ ውትድርና ተመልሶ ሊመጣ አይገባውም። በሀገራችን ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ያስከተለው ሐዘን ገና አልደረቀም፤ ወንድም ወንድሙን ሊወጋበት የሚችል ጥሪ ወራሪን ለመመከት ከሚሰማ ጥሪ ጋር አንድ አይደለም። የፈቃደኛው ሠራዊት በድኻው ልጅ መሞላቱ በእርግጥ በደል ነው፤ መድኀኒቱ ግን ለድኻው ልጅ ሌላ እንጀራ መክፈት እንጂ የሁሉንም ልጅ ማፈስ አይደለም።

ሀገርን መውደድ ከሁላችንም የሚፈለግ ግዴታ ነው። ይህን ግዴታ ለማስተማር የሚሻ ሕግ ግን አስቀድሞ የሚጠራውን ሰው በስሙ ይወቀው። ኮታ ቁጥር ይቈጥራል። እኚያ እናት ግን ከቆሞሱ የለመኑት አንድ ነገር ነበር፤ ስሙ እንዲጠራላቸው።