የተከደነ ቀለህ

ሰው በሌላው ሰው የእጅ ሥራ መታመን የሚገባው እስከ ምን ድረስ ነው? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል እንጂ፣ ከአንዱ እጅ እንጀራ፣ ከሌላው እጅ መድኃኒት፣ ከሦስተኛው እጅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ዕለት ዕለት የምንቀበል ሁላችን ሳናውቀው የምንመልሰው ነው። ለእኔ ግን በሙሉ ክብደቱ የተገለጠልኝ ባልጠበቅሁት ስፍራ፣ በአሜሪካ ምዕራብ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጡረታ በወጡ በአንድ መምህር ቤት ጋራዥ ውስጥ ነበር።

እኒህ ሽማግሌ የተተኰሰውን ቀለህ ሳይጥሉ ሰብስበው፣ በቤታቸው ዳግመኛ ጥይት የሚሠሩ ሰው ናቸው። በአገራቸው ልማዱ የቆየ ነው። ጥይት ሲተኰስ የሚያልቀው ባሩዱ፣ እርሳሱና ከቀለሁ ግርጌ ተቀምጦ እሳት የሚጭረው ትንሽ ቆብ ነው፤ ከናስ የተሠራው ቀለህ ግን ይተርፋል። የዚህ ቆብ ነገር እንኳ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ቦክሰር ያወጣው ዐይነት በቀለሁ ግርጌ መካከል አንድ ቀዳዳ ስላለው፣ ያረጀው ቆብ በቀጭን ብረት ተገፍቶ በቀላሉ ይወጣል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው በርዳን ያወጣው ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ወደ ጐን ስለሆኑ ያስቸግራል። የሚያስቀው፣ አሜሪካኖች የእንግሊዙን፣ ብዙዎቹ የአውሮጳ አገሮች ደግሞ የአሜሪካውን መርጠው መቅረታቸው ነው።

የሥራ ስፍራቸውን ሳይ ከጠመንጃ ቤት ይልቅ የመድኃኒት ቀማሚ ክፍል መሰለኝ። ወፍራሙ የእንጨት ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስሯል። በጠርዙ ላይ ቀለሁን ወደ ቀድሞ ልኩ የሚመልሰውና እርሳሱን በአፉ ላይ የሚተክለው ባለእጀታ መጭመቂያ ቆሟል። ሚዛኑ ግን የመጭመቂያው ንቅናቄ እንዳይደርስበት፣ የመስኮትም ነፋስ እንዳይነካው፣ በተለየ መደርደሪያ ላይ በዐይን ትክክል ተቀምጧል። መለኪያቸው ግሬን ይባላል፤ 7000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል። እሳቸው የሚጠነቀቁት ለአንድ ግሬን ዐሥረኛ እጅ፣ ማለት ለ6.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ከጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዐይነት ባሩድ በቀር አይወጣም፤ የባሩድ ዐይነቶች በመልክ ይመሳሰላሉና፣ ለአንዱ ልክ የሆነው ለሌላው አደጋ ነው። የቀረው በተገዛበት ጣሳ እንዳለ ከሙቀት ርቆ ተቈልፎበታል። የአገሩ የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት ያለ ባሩድ ከ20 ፓውንድ ካለፈ በወፍራም የእንጨት ሣጥን እንዲጠበቅ፣ ቆቦቹም ከ10,000 እንዳይበልጡ ይወስናል። ሲጋራ፣ ምግብና ወሬ በዚያ ክፍል የሉም፤ የእርሳስ ትቢያ ከእጅ ወደ አፍ እንዳይገባም ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። በጥቁር ባሩድ ዘመን ቀለህ የሚሞላው እስከ አንገቱ ስለ ነበር፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ የጨመረ ሰው ባሩዱ ፈስሶ ይመሰክርበት ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ጢስ አልባውን ባሩድ ካስገኘ ወዲህ ግን ኀይሉ በዛ፣ የሚፈለገውም መጠን አነሰ። 38 ስፔሻል በተባለው የሽጉጥ ጥይት ውስጥ ልኩ የሆነው ባሩድ ከቀለሁ ጥቂቱን ብቻ የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሠሪው ልቡ ሌላ ዘንድ ሄዶ ሁለት ጊዜ ቢጨምር ቦታ አይጠበውም። እርሳሱ ከተተከለ በኋላ ደኅናውንና መሣሪያ የሚሰነጥቀውን ዐይን አይለያቸውም። ሌላም ስሕተት አለ፤ ይኸውም ባሩዱን ጨርሶ መርሳት ነው። ያን ጊዜ ቆቡ ብቻውን እርሳሱን ገፍቶ በአፈ ሙዙ መካከል ይወሽቀዋል። ተኳሹም ከሸፈብኝ ብሎ ሁለተኛውን ሲተኩስ ብረቱ በእጁ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ሽማግሌው 50 ቀለህ በገበታ ላይ አቁመው ባሩዱን ከጨመሩ በኋላ፣ ከመክደናቸው በፊት መብራት አቅርበው የእያንዳንዱን ውስጥ ይመለከታሉ።

በተቀመጥሁበት ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው መጣ። ለአደን ሊወጣ ሲል ጥይት አንሶት ነበርና፣ ከሠሩት ዐሥር ያህል እንዲሰጡት ለመናቸው። ሽማግሌው እንቢ አሉ። በመኪናቸው ወደ ሱቅ ወስደው ገዝተው ሰጡት እንጂ ከገዛ እጃቸው ሥራ አንዲት እንኳ አላቀመሱትም። እኔ፣ ጉርሻ መመለስም መንፈግም ነውር በሆነበት ቤት ያደግሁ፣ በጎረቤትየው ፈንታ አፈርሁ። ሲመለሱ ይህንኑ ነገርኋቸው።

«ወዳጄ፣» አሉኝ፣ «የሌላ ሰው ጥይት አለመተኰስ በእኛ ዘንድ ስድብ አይደለም፤ አለመስጠትም ንፍገት አይደለም። እኔ ብሳሳት በገዛ ፊቴ እከፍላለሁ። የእሱን ፊት ግን የማስይዝበት ሥልጣን የለኝም።»

የአገሩም ሕግ ወደዚሁ ያዘነብላል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ለመሸጥ የሚሠራ ግን ፈቃድ የማውጣት ግዴታ አለበት። ይሁን እንጂ የሽማግሌው ቃል ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። እንደዚህ ከታሰበ ማን ለማን ምን ይሰጣል? በእኛም አገር ከፈረንሳይ በመጣውና እኛ ውጅግራ ባልነው ጠመንጃ ዘመን፣ ጥይት ከአሞሌ ጋር በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ተቀባዩ ውስጡን ከፍቶ ሳያይ እህሉን ሰፍሮ ይሰጥ ነበር። መተማመን ባይኖር ያ ገበያ ባልቆመም። ደግሞም ጥይት ለምን እንደሚሠራ የረሳሁ አይምሰል፤ ነፍስ ለማጥፋት የተነሣም ሰው ሚዛኑ ትክክል ሊሆን ይችላልና፣ ጥንቃቄ ብቻውን ለመሣሪያ ንጽሕና አይሰጠውም።

ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ክርክር አይደለም። በወጣትነቴ በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በዓመቱ መጨረሻ ሰማንያ የፈተና ወረቀት በአንድ ሌሊት በኩራዝ አረምሁ። ከደከመኝ በኋላ ያረምሁት የአንድ ልጅ ወረቀት የመጨረሻው ገጽ ሳይነበብ ቀርቶ ኖሯል። ውጤቱ በመዝገብ ገባ፣ መዝገቡ ተዘጋ፣ ልጁም ወደቀ። ወረቀቱን በአጋጣሚ ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ወደማላውቀው አገር ሄዶ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ መዝገቡ ከሌሎቹ መዝገቦች በምንም አይለይም ነበርና። ያ ልጅ ደግሞ እንደ ጎረቤትየው ለምኖኝ የተቀበለ አልነበረም። ከእኔ እጅ ሌላ የሚቀበልበት እጅ አልነበረውም። ሽማግሌው እንቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ መምህርና ሹም ግን እንቢ ሊሉ አይችሉም። የተቀመጡት ሊሰጡ ነው፤ ስለዚህ የቀረላቸው ከመክደናቸው በፊት መብራቱን ማቅረብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ይህን ለሽማግሌው ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ እሳቸውም በማስተማር ዘመናቸው ከሠላሳ ወረቀት በላይ በአንድ ምሽት እንደማያርሙ፣ ይህንንም ሥርዐት ያወጡት ስለ ምን እንደ ሆነ ባይነግሩኝ እንደሚመርጡ ገለጡልኝ። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ልሰናበት ስል ለመታሰቢያ አንዲት ጥይት ለመንኋቸው። ሣቅ አሉና ከጠረጴዛው በታች ካለው ሣጥን አንድ ባዶ ቀለህ አንሥተው፣ በጨርቅ ወልውለው ሰጡኝ። ቆቡ ወጥቶለታል፤ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት በግርጌው ቀዳዳ መስኮቱ ይታያል።