ከሆስፒታሉ በር በፊት

ልጄ፣ በቤታችሁ ከሁሉም የበለጠ የተማርከው አንተ ነህ። ሰው ሲታመም ዓይን ሁሉ ወደ አንተ ይዞራል። ጤና ጣቢያ ይሂድ ወይስ ይደር፣ ባጃጅ ይጠራ ወይስ እስኪነጋ ይጠበቅ የሚለው ብዙ ጊዜ በአንተ ቃል ያልቃል፤ ስልኩም ያለው በአንተ እጅ ነው። ስለዚህ ሕመምና ሕክምና ምን እንደሚመስል ከየት እንደተማርክ ልጠይቅህ። ጥቂቱን ከትምህርት ቤት አግኝተሃል። የቀረውን እንደ እኩዮችህ ሁሉ ከቴሌቪዥን ነው የቀሰምከው።

እኔ በነርስነት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ድራማ አትይ አልልህም። ቀኑን ሙሉ በቆቦ ፀሐይ ማሽላ ሲጠብቅ፣ ሽንኩርት ሲያጠጣ የዋለ ሰው ማታ አረፍ ብሎ ታሪክ ቢያይ ምን ክፋት አለው? ድራማ እንደሚያስተምርም ዐውቃለሁ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረውን «የቀን ቅኝት» ታላላቆችህ ያስታውሱታል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ሰውን ከቤቱ አስነስቶ ወደ ጤና ተቋም የላከ ድራማ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ኃይሉ ነው። ሕዝባችን ድራማን ያምናል፤ ድራማው ስለ ሕመም ሲሳሳትም አብሮ ያምነዋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ የወልድያን ሆስፒታል ረግጠው የማያውቁ ሰዎች የኢስታንቡልን ሆስፒታል ክፍል በክፍል ያውቁታል።

የልብን ነገር ላስቀድም። በድራማው የማሽኑ መስመር ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይረዝማል፣ ሐኪሙ ሁለት ብረት ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሕመምተኛው ከአልጋው ይነሣና ይወድቃል፣ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ የፍቅረኛውን ስም ይጠራል። እውነቱ ሌላ ነው። በኤሌክትሪክ የሚመታው ልቡ በሥርዓት መምታቱን ትቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። መስመሩ ቀጥ ላለ ልብ ያ ብረት ምንም አይሠራለትም፤ የሚደረግለት ደረቱን መጫንና አድሬናሊን መስጠት ነው። ደረት መጫኑም ድራማው ላይ እንደምታየው መዳበስ አይደለም። የአዋቂ ሰው ደረት ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ እስኪገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ክንድ ቀጥ ብሎ ይጫናል። የጎድን አጥንት የሚሰበርበት ጊዜ አለ። ተዋናይ በሕይወት ያለ ባልደረባውን እንዲህ ሊጫነው ስለማይችል ክርኑን አጥፎ ያስመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች በአገራቸው የታወቁትን ኢአር፣ ቺካጎ ሆፕና ሬስኪው 911 የተባሉ ፕሮግራሞች ቁጭ ብለው አይተው ነበር። በ97 ክፍሎች ውስጥ 60 ጊዜ ደረት ተጭኗል። ከአራቱ ሕመምተኞች ሦስቱ ወዲያው ነፍስ ዘርተዋል፤ ከሁሉም ሕመምተኞች ከሦስት ሁለቱ ደግሞ ድነው ከሆስፒታል የሚወጡ ሆነው ቀርበዋል። በዚያው በአሜሪካ፣ አምቡላንሱም ማሽኑም በቅርብ ባለበት አገር፣ ከሆስፒታል ውጭ ልቡ ከቆመ ሰው ድኖ ቤቱ የሚገባው ከአሥሩ አንድ ያህሉ ነው። ይህን የምነግርህ ደረት መጫን አይጠቅምም ለማለት አይደለም፤ የሚያስተምርህ ካገኘህ ተማረው። ነገር ግን በእኛ ቆላ የወጣት ሰው ልብ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ደሙ ፈስሶ፣ ከባድ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት፣ ወይም ኢንፌክሽን በሰውነቱ ተሠራጭቶ ነው። ልቡ እስኪቆም ከተጠበቀ ወዲያ የትኛውም ብረት አይመልሰውም።

የድራማው የልብ ሕመምተኛ ክፉ ወሬ ሲሰማ ደረቱን ይዞ የሚወድቅ ባለጸጋ ሽማግሌ ነው። በአገራችን የልብ ሕመም ካርድ ይዘው የሚሰለፉ ልጆችም አሉ። በልጅነታቸው ቶንሲል ደጋግሞ ሲይዛቸው መድኃኒት ሳያገኙ ቀርተው፣ አንዳንዴም በመድኃኒት ፋንታ እንጥላቸው ተቆርጦ፣ በሽታው የልባቸውን ቫልቭ አበላሽቶባቸዋል። ለእነዚህ ልጆች መድኃኒቱ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ለዓመታት የሚወሰድን መርፌ የትኛው ድራማ ያሳያል? ታናሽህ ትኩሳት ይዞት መዋጥ ሲያቅተው ጤና ጣቢያ ውሰደው። ሥራው ይህን ያህል ነው፤ ጥቅሙ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የቴሌቪዥን ሕክምና የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ነው። በሩ ይከፈታል፣ አልጋው እየተገፋ ይገባል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። ከዚያ በፊት ያለው ነገር አይታይም። በእኛ ዘንድ ግን ሰው የሚሞተው በአመዛኙ በዚያ በማይታየው ክፍል ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ «እስኪ ትንሽ እንየው» እየተባለ፣ ቀጥሎም መንገድ ላይ።

የምጥን ነገር አስብ። በፊልሙ የሽርት ውሃዋ ይፈስሳል፣ ትጮኻለች፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የታጠበና የወፈረ ሕፃን ደረቷ ላይ ይቀመጣል። ታሪኩም በደስታ ያልቃል። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጥ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ከባዱ ጊዜ ደግሞ ፊልሙ ካቆመበት በኋላ ይመጣል። በአገራችንም በዓለምም እናቶችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ደም መፍሰስ ነው፤ አብዛኛውም ከወለዱ በኋላ የሚፈስሰው። ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊወስዳት ይችላል። ሕፃኑ እንደወጣ አዋላጇ የምትወጋት አንዲት መርፌ ማሕፀኗን አኮማትራ ደሙን ትገታለች። ይህች መርፌ ያለችው ጤና ተቋም ነው። እልልታው ቤት ውስጥ ተጀምሮ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ሲል ቃሬዛ መፈለግ ከተጀመረ፣ ሁለቱ ሰዓት እየቆጠረ ነው።

ከዞብል ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ቆቦ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንተ ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ ጎሊና ወይም ሆርማት ወንዝ በጎርፍ ሲሞላስ? ቆቦ ተደርሶ ሪፈር ቢጻፍ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወልድያ ካልተቻለ ደሴ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር። የቅሬው ወጣቶች ቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሲሮጡ አይቻለሁ፤ ከማንኛውም የፊልም ጀግና አስበልጣቸዋለሁ። ያ ጉልበት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢነሣ ኖሮ የሚባልበት ሌሊት ግን ብዙ ነው። እርጉዝ እህት ካለችህ ወሯ ሲገባ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ገብታ ምጧን እዚያ እንድትጠብቅ አድርግ። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ ክፍያ የለውም። «ገና አልመጣባትም» የሚልህን ሽማግሌ፣ እኔንም ቢሆን፣ በአክብሮት እምቢ በል።

ወላዷ ደም ካስፈለጋትም ድራማው እንደሚያሳየው ወንድሟ አጠገቧ ተኝቶ ከክንዱ ወደ ክንዷ አይቀዳላትም። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሁለቱ የጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል፣ ዓይነቱ ይለያል፣ ከእሷ ደም ጋር መስማማቱ ይታያል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ለዚያች ሴት የሚደርሰው ደም ከሳምንት በፊት አንድ የማያውቃት ሰው ሰጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠላት ነው። 18 ዓመት ከሞላህና ክብደትህ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ጤናህም ደህና ከሆነ፣ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላለህ። ያ የማታውቀው ሰው አንተ ብትሆን ደስታዬ ነው።

ወደ ወባ ልምጣ፤ የቆቦ ሰው ሆኖ ወባን የማያውቅ የለምና። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ወባን ለማጥፋት በአገራችን ሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነበር። ያኔ ግድግዳው ሁሉ ዲዲቲ ይረጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ወባው ግን ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል። ድራማው ያመጣብን ችግር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የድራማ ሕመምተኛ ሁልጊዜ ግሉኮስ ተሰቅሎለታል፣ ሁልጊዜ ይወጋል። ክኒን ውጦ የሚድን ሰው አይታይም። ስለዚህ የኛ ሰው ደሙ ተመርምሮ ክኒን ሲሰጠው የተናቀ ይመስለዋል። «ግሉኮስ ስቀሉልኝ፣ መርፌ ውጉኝ» ይላል። እምቢ ሲባል የሚወጋው ሰው ፍለጋ ይሄዳል።

እወቅ፤ መብላትና መጠጣት ለሚችል ሰው ግሉኮስ ከጥሩ ሾርባ አይበልጥም። የወባ መርፌ የሚሰጠው ለጠናበት ነው፤ ለሚቃዠው፣ ሰውነቱን ለሚያንፈራግጠው፣ የዋጠውን ሁሉ ለሚያስመልሰው፣ ቁጭ ማለት ላቃተው። እንዲህ ያለውን ሰው በዚያው ሰዓት ይዘህ ሂድ፤ ጧትን አትጠብቅ። ለሌላው ኮአርተም የተባለው ክኒን ጧትና ማታ ለሦስት ቀን፣ ምግብ ከበላ በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ማሳው ትዝ ይለዋል፣ የቀረውን ክኒን ለሌላ ቀን ብሎ መሶብ ሥር ያስቀምጣል። በዚህ ቦታ ላይ ጠንከር በል። የቀረው ክኒን የቀረውን ወባ የሚገድል ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ለእሱ 14 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ጸበሉንም ዱዓውንም የሚከለክል የለም፤ ክኒኑ ግን አብሮ ይዋጥ።

ስለ ጥይት ብዙ አልናገርም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ላይ ሲያልፍ አንተም አይተሃል፤ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ማሽናቸው ተሰብሮ፣ ቁስለኛ የሚሄድበት ያጣበት ጊዜ ነበር። ፊልሙ ትከሻውን የተመታውን ሰው በካራ ጥይቱን አውጥቶ፣ አረቄ አፍስሶበት ወደ ውጊያው ይመልሰዋል። በትከሻ በኩል ግን ክንዱን የሚመግበው ትልቁ የደም ሥርና ነርቮቹ ያልፋሉ። ጥይቱን ፍለጋ በቢላ መቆፈር መግደል ነው። ሐኪሞች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ጥይቱን እዚያው ይተዉታል። የአንተ ሥራ በንጹሕ ጨርቅ ደሙ የሚወጣበትን ቦታ አጥብቀህ ይዘህ፣ ሳትለቅ፣ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። እባብ ለነደፈውም እንዲሁ፤ አትብጣ፣ በአፍህ አትምጠጥ፣ በገመድ አታንቀው፤ የተነደፈው እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርገህ ተሸክመህ ውሰደው። የሚጥል በሽታ ለጣለውም ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተት፣ ክብሪት አታሽትተው። በጎኑ አስተኛው፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ድራማው አስታማሚውንም ለውጦታል። በቴሌቪዥን ያለው ሐኪም አንድ ሕመምተኛ ብቻ ነው ያለው፤ ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ ይቆማል፣ ውጤቱ በደቂቃ ይመጣለታል፣ «ሦስት ወር ቀርቶሃል» ብሎ ዕድሜ ይቆጥራል። የኛ ሐኪም ወረፋ አለበት፣ ላብራቶሪው ሰዓት ይወስዳል፣ ሲጠየቅም «እንሞክራለን፣ እናያለን» ይላል። እውነተኛ ሐኪም ቀን ቆጥሮ አይሰጥም፤ ሊያውቀው አይችልምና። ቤተሰብ ግን ይህን ሲሰማ «አያውቅም፣ ንቆናል» ይላል። ድንጋጤና ቁጣ በተቀላቀሉበት ኮሪደር፣ የደከመች ነርስ ላይ እጅ ሊያነሡ የቃጡ ወጣቶችን ለማስታገስ ሽማግሌ መሐል መግባት ነበረበት። ቸል የተባለ ሕመምተኛ የለም አልልህም፤ አለ። ሲያጋጥምህ ኃላፊውን ጠይቅ፣ አቤት በል። ነገር ግን ምን እንደታዘዘ፣ ለምን እንደሚጠበቅ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ በትሕትና የሚጠይቅ አስታማሚ ለሕመምተኛው ከሚጮኸው ይልቅ እንደሚጠቅመው በዓይኔ አይቻለሁ።

መጥፎ ወሬም ሲመጣ ድራማው ላይ ጓንቱን እያወለቀ «አዝናለሁ» ብሎ እንደሚያልፈው አይደለም። በእኛ ባህል መርዶ ሰው ተመርጦ፣ ጊዜ ተጠብቆ ይነገራል። ይህ መልካም ነው፤ ለሟች ቤተሰብ። በሕይወት ላለው ሕመምተኛ ግን ሕመሙን ጨርሶ መደበቅ አልወድም። ምን እንደያዘው ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን በምን ልብ ይጨርሳል?

እንግዲህ ድራማህን እይ። ነገ ጠዋት ግን የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቀህ የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ቁጥር መዝግብ፤ ለእናትህ ስልክም ለጎረቤትም ጻፍላቸው። ቁጥሩ የሚፈለገው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ደግሞ ጤና ኬላው ዝግ ነው።