ጠብታው የወደቀበት ቤት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ታድሶ የወጣ መኪና ሳምንት ሳይሞላው ዘይት ቢያንጠባጥብ ጥፋቱ የማን ነው? ጥያቄው የጋራዥ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ያለችውን ትንሽ መኪና ሞተሯን እያሳደሱ መንዳት የብዙ ደመወዝተኛ ዕጣ ሆኗል። የዓመት ቁጠባ የሚያልቅበት ጉዳይ ነው እንግዲህ።

ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር አውቃለሁ። ቪትዛቸው ታድሳ በመጣች በሦስተኛው ቀን የግቢያቸው ሲሚንቶ ላይ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ጥቁር ክብ አገኙ። ወደ ጋራዡ ተመለሱ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና «ጋሼ፣ የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት» አላቸው። «እናንተው አይደላችሁ እንዴ የቀየራችሁት?» ቢሉት ዕቃው ፎርጅድ ነው አለ። ዕቃ ሻጩ ጥፋቱን ወደ ቶርኖ ቤቱ ላከው፤ ቶርኖ ቤቱ ደግሞ ወደ ገጣሚው መለሰው። ሁሉም ከደሙ ንጹሕ ሆነ።

(ቃላቱን ልብ ይሏል፦ ፓራኦሊዮ፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ቢወጣም ጋራዦቻችንን አልለቀቀም። የመምህርነት አመል ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ።)

ዘይት የሚወጣበትና የሚወድቅበት ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን ሥር የወጣች ጠብታ የሞተሩን ጎን ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ይገፋታል። በመጨረሻ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገጣጠሙበት ታችኛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ መሬት ትወድቃለች። ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥፋተኛው ፓራኦሊዮው ነው። ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበረን። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ስንሰማው ይዘገንነናል። መኪና ሥር ተኝቶ ጠብታው የወደቀበትን ክፍል የሚፈርድበት ሰው ግን ከዚያ በምን ይሻላል?

መምህሩ ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄዱ። ይኼኛው ካምቢዮ አላወረደም። ሞተሩን አጠበ፣ አደረቀ፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት፣ አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል አሠራው። ከዚያ በባትሪ እያበራ ከታች ወደ ላይ ፈለገ። ብዙ ጊዜ ማጠብና መድገም ነበረበት። በመጨረሻ በነጩ ዱቄት ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ከቴስታታው ክዳን የኋላ ጥግ ስትነሳ ታየች። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተጣጥፎ ነበር የተገጠመው። አዲስ አስገብቶ ብሎኖቹን በልካቸው አጠበቀ። ፍለጋው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ጥገናው ግማሽ ሰዓት። ሒሳብ ሲጠየቁ መምህሩ «ለዚች ላስቲክ?» አሉ፤ የላስቲኳን ዋጋና ጥቂት ጉርሻ ሰጥተው ሄዱ።

እኔን ያስጨነቀኝ ይኼ ነው። ካምቢዮ ወርዶ ቢሆን ኖሮ እያቃሰቱም ቢሆን የተጠየቁትን ይከፍሉ ነበር። የምንከፍለው ለተቀየረ ዕቃና በላብ ለራሰ ግንባር ነው፤ አስቦ ላገኘ ሰው አይደለም። ሐኪም ላይም እንዲሁ ነን፤ መርፌ ካልወጋን ምን አደረገልን እንላለን። ታዲያ ፈልጎ ያገኘው፣ ገምቶ ካወረደው ያነሰ የሚያገኝ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ብሎ ይፈልጋል? መካኒክ ይዋሻል የሚለውን ወቀሳ እኔም እሰማለሁ። ውሸቱን በጥሩ ዋጋ የሚገዛው ግን ባለመኪናው ነው።

ገዝቶትም አያተርፍ። ዘይት ሲታይ ቶሎ የሚደረገው ሲሊኮን መለደፍ ነው። ከልክ ያለፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ ተቆርሶ ኮፓው ውስጥ ይወድቅና ዘይት የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍናል። ውጭው ደርቆ ሲያምር ውስጡ ዘይት አጥቶ ብረት ከብረት ይፋጫል። ብሎን አብዝቶ ማጥበቅም የኮፓውን ጠርዝ ያጣምምና ፍሳሹን ያብሳል። የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ከሆነማ የባሰ ነው። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪለማመድ ጋዝ ወደ ታች ያሾልካል፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋል፤ አንዱን ሲደፍኑት በሌላው ይወጣል። (አንባቢዬ ይህን ወደ ፖለቲካ ሊመነዝረው እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ሞተር ነው።)

የመምህሩ መልስም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። «ግማሽ ቀን መፈለጉን በምን አውቃለሁ? ቡና ሲጠጣ ውሎስ ቢሆን?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ላስቲክ በእጅ ይዳሰሳል፤ ፍለጋ አይዳሰስም። ለማያዩት ሥራ ለመክፈል መተማመን ያስፈልጋል፤ መተማመኑን ደግሞ «ካምቢዮው ይውረድ» ያለው ሰው ቀድሞ ጨርሶታል። ሁለተኛው መካኒክ ለዚህ የራሱ መላ አለው። ዱቄቱን ሳይጠርግ ባለመኪናውን ይጠራል፤ «ጋሼ፣ ጎንበስ ብለው ይዩት፤ የሚመጣው ከዚህ ነው» ይላል። መምህሩንም ያን ቀን ጠርቷቸው ነበር። ሸሚዜ ይቆሽሻል ብለው ከሩቅ ቆመው ቀሩ።