አስተማሪውን ማን ያስተምረው?

ውድ እህቶቼ፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አጣጥበን፣ ቦርሳቸውን አሸክመን ወደ ትምህርት ቤት የምንሸኘው እኛ ነን። ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጅ ሰውን በቆዳው ቀለም መናቅ ከለመደ አስተማሪው ይመልሰው እንላለን። አስተማሪውንስ ማን ይመልሰው?

በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ራይስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ጄን ኤልየት የምትባል ነጭ አስተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ለሁለት ከፈለቻቸው። አንዱን ወገን «ጎበዝ»፣ ሌላውን «ሰነፍ» አለችው። በኋላ ደግሞ ገለበጠችው። በ1970 ይኸው ትምህርት በፊልም ተቀረጸ። ቡናማ ዓይን ያላቸው ልጆች በተናቁበት ቀን የንባብ ካርዶቹን ለመጨረስ 5 ደቂቃ ተኩል ፈጀባቸው። በተመሰገኑበት ቀን ግን 2 ደቂቃ ተኩል በቃቸው።

ልብ በሉ እንግዲህ! ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው የአስተማሪዋ ቃል ብቻ ነው። እኛስ ይሄን አናውቀውም እንዴ? ቀኑን ሙሉ «ደደብ» ስትባል የዋለች ሴት ማታ ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል። ያኔ «አላልኩም?» ይሏታል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ!

አንዳንዶች ኤልየትን «ሕፃናትን አሠቃየች» ብለው ወቅሰዋታል። ወቀሳው ከንቱ አይደለም። ለትምህርት ተብሎም ቢሆን ሕፃን ማሸማቀቅ ይከብዳል። በኋላ ግን ይህንኑ ለአዋቂዎች፣ ለአስተማሪዎችም ጭምር ሰጥታለች። እኔ ትክክለኛው ቦታው ይሄ ነው እላለሁ። መናቅን መቅመስ ካለበት፣ የሚቀምሰው ሥልጣን የያዘው ትልቅ ሰው ይሁን እንጂ ልጁ አይሁን።

መቅመስ ብቻውን ግን አይበቃም። «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» የሚል አስተማሪ ራሱን ይመርምር፦ እጅ ሲወጣ ማንን ነው የምጠራው? ለማን ቶሎ እቆጣለሁ? ከማንስ ገና ሳይሞክር ተስፋ እቆርጣለሁ? እኩልነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

እህቶቼ፣ እኛም እኮ ሳንሾም አስተማሪዎች ነን። ፊደል ሳይቆጥር በፊት እኛ ጉልበት ላይ የሚያድገው ልጅ ሰው እንዴት እንደሚጠራ፣ እንዴት እንደሚታዘዝ ከእኛ ጋር እየዋለ ይማራል። በስማችን እንዲጠራን፣ «እባክሽ» እንዲል በፍቅር እናስለምደው። ነገ ከክፍሉ ውስጥ የተናቀ ልጅ ሲያይ ይሄ ትዝ ሊለው ይችላል።